ለምናሴ የሰጠሁት ምርቃት

ባለፈው ማክሰኞ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ ላይ ምናሴን አየሁት። አርጅቷል። ደስ አለኝ። በሰው እርጅና አይሳቅም ይባላል፤ እኔም ሌላ ሰው ቢሆን አልስቅም ነበር። ያ ወደ ኋላ ያበጥረው የነበረ ጸጉር ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ተጠራቅሟል። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ያለው ሰው እሱን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱም ደርሶበታልና። በአንድ እጁ የአትክልት ፌስታል አንጠልጥሎ ደረጃውን ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አፍታ ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር የረሳ ሰው መስሎ ዞረና ደረጃውን መልሶ ወጣው። ባቡሩ መጣ፣ እኔ ገባሁ፣ እሱ ቀረ። እስከ ሴንት አልባንስ ብቻዬን ስስቅ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ቬትናማዊት ሴትዮ ደግ ነገር የሰማሁ መስሏት አብራኝ ፈገግ አለች።

ያኔ እሱ ሲመጣ መንገድ የምንለቅለት እኛ ነበርን። ያኔ የምለው ስደት በመጣንበት በዚህ ከተማ፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ሳለን ነው፤ የወረቀቱ የባቡር ቲኬት ቀርቶ ማሽን ላይ የሚነካው ካርድ ገና የመጣ ሰሞን፣ ግማሻችን አነካኩን ሳናውቅበት በሩ ላይ ስንደናበር ከኋላ ያለው ሰው የሚቆጣበት ጊዜ። ቤታችን ከመንግሥት ፎቆቹ በአንዱ ላይ ነበር። ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ይተኛል፤ በሠራ ቀን ደግሞ የየቤቱን ምሳ ከሽታው እየለየን ነበር የምንወጣው፦ የሶማሌው ሩዝ፣ የቬትናሙ ዓሣ፣ የእኛ ቁሌት። ፉትስክሬይ ገበያው ቅዳሜ ሊዘጋ ሲል አንድ ካርቶን ማንጎ በአምስት ዶላር ይለቁት ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ አንድ ስኒ ማኪያቶ ከተገኘም ጥሩ ነው። ደሴ የምንደውልበት የስልክ ካርድም አምስት ዶላር ነበር፤ ላዩ ላይ «ሁለት ሰዓት» ይላል፣ እህቴን ስለ ጤናዋ ጠይቄ ሳልጨርስ ይቋረጣል። ሴቶቹ ሁሉ እጅጌው ላይ ብልጭልጭ ጠጠር የተሰፋበት ጥቁር አባያ እንለብስ ነበር። ወንዶች ልጆቹ ደግሞ እግር ላይ የተጣበቀ ጂንስና የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ ኮፍያ። «ምነው ወረቀቱን አልላጥከውም?» ስለው ልጄ ጀማል «እማ፣ ስታይል ነው» ይለኝ ነበር። ሬስኮርስ ሮድ ላይ ካለው ሱቅ ጥግ ቆመው ከስልካቸው ሙዚቃ እየለቀቁ ይስቃሉ። የፖሊስ መኪና አዝግሞ ሲመጣ ሳቁ ይቆማል፤ ሲያልፍ ይቀጥላል። አሁን ያ ሱቅ ብስክሌታቸውን ደጅ አቁመው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ቤት ሆኗል።

እኔ የምሠራው ሰንሻይን በኩል፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ፋብሪካ ነበር፣ የከሰዓት በኋላውን ሺፍት። አንሶላ በትኩሱ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ እስካሁን ልብሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ባሌ ሰይድ ኩላሊቱን ታሞ፣ ደሙ በማሽን እየታጠበ ቆይቶ ሞተብኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ከሕክምናው ደክሞት ሲመለስ እንኳ ጀማልን ሒሳብ ሳያስጠና ጎኑን አያሳርፍም ነበር፤ «ይሄ ልጅ ከእኔም ከአንቺም አይደለም የወጣው» እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ሲሞት እኔና ጀማል ቀረን።

ምናሴ ብቅ ያለው በዚህ መሐል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እንግሊዝ አገር ብዙ ቆይቶ የመጣ። ሥራው መናገር ነበር። ስለ ጥቁር ልጆች ትምህርት፣ ስለ አባቶች፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ድጎማ ገንዘብ፤ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ካሜራ አስቀምጦ፣ ከኮቱ ላይ ጥለት ያለው ነጠላ ጣል አድርጎ። «ልጆቻችሁን ደካማው ክፍል የሚያስገቧቸው ስለማይችሉ አይደለም፣ ስለጠቆሩ ነው!» ሲል አዳራሹ ይናወጣል። «የራሳችሁን ትምህርት ቤት ክፈቱ፣ ወንዱን ከሴቱ ለዩ፣ ልጆቻችሁን ከነጭ እጅ አውጡ!» ሲል ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ወንበሩን እየገፋ ይወጣል። በሙያቸው የመጡት ኢንጂነሮችና ሒሳብ ሠራተኞች «ይሄ ሰውዬ በፈረንጁ ዘንድ ያስጠላናል» ይሉ ነበር። ቄሱም ሼሁም በየፊናቸው ተቆጥተውታል። አንዴ የፈረንጅ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ከጋዜጠኛው ጋር ተዘላልፎ ወጣ ተባለና ፎቁ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ብቻ ሆነ። እኔ ከሚያጨበጭቡት ነበርኩ፣ እጄ እስኪቀላ። እውነት ይናገር ነበር፤ ይህን አልክድም። ጨርሶ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልጎዳኝ።

ንግግሩን ሁልጊዜ የሚዘጋው በምርቃት ነበር። ከአዳራሹ አንድ ትልቅ ሰው ያስነሳና ማይክ ያስይዛል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ይዘረጋል፣ ካሜራው ጠጋ ይላል። «ይሄ ነው ባህላችን! ትምህርት ቤት የማያስተምሯቸው ይሄንን ነው!» ይላል። እኛ ወሎዎች ደግሞ ለምርቃት ልባችን አይጠናም፣ እንሸነፋለን። መራቂው ሲናገር መዳፍ ይዘረጋል፣ በየቃሉ «አሜን» ይባላል። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ተመራቂው ራሱ አሜን ካላለማ ምርቃቱን ገፋ ማለት ነው፣ ከስድብ ይከፋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቃል። ምናሴ ሲመረቅ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ከልቡ ይሁን ለካሜራው እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

ጀማል አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ከባዱን ሒሳብ አትወስድም አለው። የእጅ ሙያ ይሻልሃል አሉት። ልጄ ደግሞ በሒሳብ ከክፍሉ የሚደርስበት አልነበረም። ከመምህሩ ጋር ተጨቃጨቀ፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ፣ ለጥቂት ቀን ታገደ። እኔ ዳይሬክተሩ ዘንድ ተጠራሁ። እንግሊዝኛዬ ለአንሶላ ይበቃ ነበር፣ ለዳይሬክተር ግን አይሆንም። ምናሴን ለመንኩት፤ ቤቴ መጣ። የእስላም ሥጋ አይበላ እንደሆነ ብዬ ዓሣ ጠበስኩለት። ጣቱን እየላሰ በላ። ከሰይድ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰይድ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ልጄ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኩት። «እትዬ ዘይነብ፣ አይጨነቁ። በቀጠሮው ቀን አብሬዎት እገባለሁ» አለኝ። የጀማልን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አንተ ተስፋችን ነህ» አለው። ጀማል ያን ቀን ማታ ኮፍያውን አውልቆ እራት በላ።

በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ስልክም አላነሳ። ብቻዬን ገብቼ «የስ፣ የስ» ስል ቆይቼ ወጣሁ፤ ሒሳቡም እንደተከለከለ ቀረ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ትልቅ ንግግር አለው ተባለ። የጀማልን ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ አለበስኩትና፣ ከንግግሩ በኋላ ይዘነው እናወራለን ብዬ ይዤው ሄድኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

«ነገር በምሳሌ!» አለና ጀመረ። «ስም አልጠራም» አለ። ኬንሲንግተን የምትኖር አንዲት የወሎ እናት አለች አለ። አንሶላ ስታጥብ ትውላለች አለ። አባትየው ጥሏቸው ሄዷል አለ። ልጁ መምህሩን መታ፣ በር ሰበረ አለ። «ይሄን ልጅ ነገ የት ነው የምናገኘው? እስር ቤት! ጥፋቱ የማነው? ስልክ ገዝታ፣ ምግብ አቅርባ፣ ዝም የምትል እናት!» አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ አንገት ሁሉ ወደ እኛ መዞር ጀመረ፤ ኬንሲንግተን ውስጥ አንሶላ ፋብሪካ የምትሠራ የወሎ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩና። ሰይድን ጥሏቸው ሄደ አለው! ፎቶውን አይቶ፣ ሞቱን ከአፌ ሰምቶ፣ ዓሣዬን በልቶ። የሞተ አባት ለንግግሩ አልጣመውም፤ የሸሸ አባት ፈለገ። ጀማል አልተነሳም፣ አላለቀሰም። በዚያ በተኮስኩለት ሸሚዝ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ምርቃቱ ድረስ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ቪዲዮው በማግስቱ በየስልኩ ደረሰ። ደሴ ያለችው እህቴ ሳትቀር አየችው። የፎቁ ልጆች ጀማልን «ኤግዛምፕል»፣ ምሳሌው፣ ብለው ሰየሙት፤ ሊፍት ውስጥ ሲገባ «ሄይ፣ ኤግዛምፕል!» ይሉታል። ሽማግሌ ልኬ ብጠይቀው ምናሴ «እኔ እኮ ስም አልጠራሁም፣ ለምን ወደ ራሳቸው ወሰዱት?» ብሎ መለሰ። ሽማግሌዎቹም «እውነቱን ነው፣ ስም አልጠራም» ብለው ተመለሱልኝ። ጀማል ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫነ፣ ፒዛ አመላለሰ፤ ቆይቶ ኤሌክትሪክ ተማረ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ሴንት አልባንስ ትንሽ ቤት ገዛ። ሰው ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሐበሻ የተሰበሰበበት አዳራሽ ዳግመኛ አልረገጠም። ለኢድ ከኋላ ሰግዶ፣ ሰው ሳይሳሳም ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ሲያገባ «እማ፣ ሰው እንዳትጠሪ» አለኝ። ኒካው ሳሎኔ ውስጥ ታሰረ፤ በሩን ዘግተን ምሳ በላንና ተለያየን። እኔ የወሎ ሴት፣ አንድ ልጄን ያለ እልልታ ዳርኩ። ጎረቤቶቼ በስንቱ ሰርግ ላይ እስክስታ ስመታ ያዩኝ ሴትዮ፣ በልጄ ሰርግ ቀን ሳህን አጠብኩ። ቂሜ ሥር የሰደደው ያን ዕለት ነው።

«ይቅር በይው» ይሉኛል ሰዎች። ይቅር የሚባለው የለመነ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሱም በእርግጥ ረስቶት ነበር። አንሶላ እያጠፍኩ ብዙ ነገር አስቤበታለሁ። ልረግመው ፈልጌ ነበር። ግን እርግማን መጥፎ ነገር ነው፣ ዞሮ የራስን በር ያንኳኳል፤ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ስለዚህ ጠበቅሁ። በየንግግሩ እየሄድኩ ከኋላ እየተቀመጥኩ፣ ጸጉሩ ሲሳሳ እያየሁ ጠበቅሁ።

አንድ ቀን ሰሚራ ደወለችልኝ። ሰሚራ ለትምህርት የመጣች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዝግጅት ስታዘጋጅ አትደክምም፣ የድሮውን ታሪክም አታውቅም። «እትዬ ዘይነብ፣ ለአቶ ምናሴ የምስጋና ቀን አዘጋጅተናል። የሚመርቁት ሽማግሌ ታመውብናል። እርስዎ ይመርቁልን? የወሎ ምርቃት ይወዳሉ፣ ሴት ብትመርቅማ በጣም ደስ ይላቸዋል።»

«የእኔን ስም ነገርሽው?»

«ነግሬያቸዋለሁ። «ደስ ይለኛል፣ እናቶቻችን ይምጡ» ነው ያሉት።»

ስሜን ሰምቶ አላስታወሰኝም። እሺ አልኳት።

አዳራሹ ሰንሻይን ነበር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ። እሑድ ከሰዓት። በር ላይ ባለ ሃያ ዶላር ትኬት፣ ጠረጴዛ ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ፣ ግድግዳው ላይ የምናሴ ፎቶ ቁመቴን የሚያህል። ነጭ ኩታ ለብሼ ነበር የሄድኩት፤ ለጀማል ሰርግ ብዬ ገዝቼው ሳልለብሰው ሳጥን ውስጥ የከረመ። ምናሴ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ሚስቱና ልጆቹ ፊት ተቀምጠዋል። በመጨረሻ «አሁን እናታችን ይመርቁናል» አለና ማይኩን ሰጠኝ፤ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ፊቴን አየው። ምንም። እንደማያውቀኝ ገባኝ።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን» አልኩ።

«አሜን!»

«የታመመውን ይማርልን። ስደተኛውን ለአገሩ ያብቃልን። ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን።»

«አሜን! አሜን! አሜን!» አዳራሹ ሞቀ። ሰሚራ እንባዋን ትጠርጋለች። ካሜራው ጠጋ አለ።

«አንተንም ልጄ፣ እነዚህን ልጆችህን እንደ ልጄ እንደ ጀማል ያድርግልህ።»

አሜኑ ከግማሹ አፍ ወጣ፣ ከግማሹ ተመለሰ። የድሮዎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ምናሴ መዳፉን እንደዘረጋ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጀማል ማነው ካልክ፣ የሰይድ ልጅ ነው» አልኩት በማይኩ። «ሰይድ ጥሎን አልሄደም። ታሞ ሞተ፤ ቤቴ ተቀምጠህ ነግሬሃለሁ። ጀማል መምህር አልመታም፣ በር አልሰበረም። ሒሳብ ከለከሉት፣ ተቆጣ። እስር ቤት አልገባም። ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ የሰው ስም አያጠፋም። ልጆችህን እንደ እሱ ያድርግልህ። አሜን በል።»

ከጓዳ በኩል የሳህን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ምናሴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ማይኩ እንዳይሰማ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ስም አልጠራሁም» አለ። ያኔ አወቀኝ።

«እኔ ግን ጠራሁ» አልኩት። «አሜን በል።»

ያ ሁሉ ንግግር የሚያውቅ ሰው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። መዳፉን እንዳያጥፍ ሰው እያየው ነው፤ አሜን እንዳይል ትልቅ ውሸት ተናግሬ ነበር ማለቱ ነው፤ አልልም እንዳይል የእናት ምርቃት በአደባባይ መግፋቱ ነው። ከመሐል አንድ ሽማግሌ፣ ያኔ ልኬያቸው «ስም አልጠራም» ብለው ከተመለሱልኝ አንዱ፣ «ምርቃት አንጠልጥሎ መተው ነውር ነው፤ አሜን በል ልጄ» አሉት። አሳዘኑኝም አስደሰቱኝም።

«አሜን» አለ፣ በአፍንጫው።

«አልተሰማኝም» አልኩና ማይኩን አፉ ሥር ያዝኩለት።

«አሜን!» ድምፁ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግድግዳውን መታው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ፣ ሰሚራ ጭምር፣ «አሜን» አለ። ማይኩን እጁ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሳምቡሳቸውንም አልቀመስኩም። የተጠማ ሰው ውኃ ሲጠጣ የሚሰማው ነው የተሰማኝ፤ ኃጢአት ከሆነ አላህ ይጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ ምናሴ ንግግሩን በምርቃት አይዘጋም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ቪዲዮም እስከ ዛሬ አልወጣም።

ጀማል በማግስቱ ደወለ። ሥራ ላይ ነበር፣ ከኋላው ድሪል ይጮኻል። «እማ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?» አለኝ። ሲቆጣ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። «ሰው ነግሮኝ ነው። ስሜን ጠራሽ? በማይክ? እሱ እንኳ ስሜን አልጠራም እኮ!»

«እሱ ሊዋሽብህ ስለፈለገ ነው ያልጠራህ» አልኩት። «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?»

ወደ ደጅ ሳይወጣ አልቀረም፣ የድሪሉ ጩኸት ራቀ። ልጄን ደግሜ አሳፈርኩት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ አልተጸጸትኩም ግን።

«ስለ አባዬስ?» አለ፣ በአማርኛ።

«ታሞ ነው የሞተው አልኳቸው። ጥሎን አልሄደም አልኳቸው።»

«እና እሱ... አሜን አለ?»

«አለ።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«በማይክ።»

ከዚያ «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለኝ፤ እኔም አንዲት ነገር ሳላስቀር ነገርኩት።